የጥንዚዛና የጭራሮ ክርክር

ሽቶ ያለው ሳሙና ቤቴ አይገባም። ልጆቼ አለርጂ ይመስላቸዋል፤ ለእንግዳም «እማዬን ያስነጥሳታል» እያሉ ያስረዱልኛል። አስነጥሶኝ አያውቅም፤ ያናድደኛል እንጂ። እኔ በልብስ ሳሙና ታጥቤ ነው ለዚህ ዕድሜ የበቃሁት፤ ስሞትም በዚያው እጠቡኝ ብያቸዋለሁ። ምክንያቱን ጠይቀውኝ አያውቁም። የዛሬ ልጆች ደግሞ ስልካቸውን እንጂ እናታቸውን ምን ብለው ይጠይቃሉ!

ባለፈው ሰሞን ታዲያ መካኒሳ አንድ የዓይን ክሊኒክ ውስጥ ተራዬን ስጠብቅ ያ ሽታ መጣ። ከአጠገቤ ካለው ወንበር ነው። አንዲት ረጅም፣ ከሲታ አሮጊት ተቀምጣለች። አንዱ ዓይኗ በፋሻ ተሸፍኗል፤ ሌላው ሞራ ለብሶ ተራውን ይጠብቃል። ከጎኗ የልጅ ልጇ ስልኳን ትነካካለች። ሽታውን ሽሽት ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። መስኮቱ የሚያሳየው ደግሞ ፎቅ፣ ከፎቁ ጀርባ ሌላ ፎቅ፣ ከታች «ለቡ! መብራት ኃይል! አንድ ሰው!» እያለ የሚጮህ የታክሲ ረዳት ነው። እዚያ ፎቁ የቆመበት ቦታ አባቴ ጤፍ ይዘራ ነበር ብል ማን ያምነኛል? ይህን እያሰብኩ ሳለሁ አሮጊቷ ተናገረች፤ «ትዕግሥትዬ፣ እስቲ ውሃ አቀብይኝ» አለች። በቃ። የሰው መልክ ይረግፋል፣ ጥርስ ይወልቃል፣ ወገብ ይጎብጣል፤ ድምፅ ግን አያረጅም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባል የለ? ሶስና ናት። የባላምባራስ ልጅ።

ጊዜው የጃንሆይ ጊዜ ነው። ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ፤ እኔ ዘመን የምቆጥረው በዝናቡና በከብቱ በሽታ ነው። መካኒሳ ያኔ ከተማ አልነበረችም። ከተማ ማለት ቄራን አልፎ፣ ወደ ላይ ወጥቶ፣ ሰው ጫማ አድርጎ የሚሄድበት አገር ነው። እኛ ዘንድ ማሳ ነው፣ ባሕር ዛፍ ነው፣ ክረምት ሲሆን እስከ ጉልበት የሚውጥ ጭቃ ነው። ወደ አቦ ቤተ ክርስቲያን በሚወስደው መንገድ ጠርዝ ላይ አንድ የአረብ ሱቅ ነበር። ስኳር በጋዜጣ ጠቅልሎ ይሸጣል፤ ከረሜላው በአምስት ሳንቲም አፍ ሙሉ ነው። ሸራ ጫማዎች በሲባጎ ታስረው ከጣሪያው ላይ ይንጠለጠላሉ። ነጩን ሸራ ጫማ አንጋጥጬ እያየሁ አንገቴ ይንቋቋ ነበር። ከጠጅ ቤቱ ሬዲዮ የሚመጣውን ዘፈን ቃሉ ሳይገባን ዜማውን እየወሰድን፣ ከወንዝ ውሃ ስንቀዳ እናንጎራጉረዋለን። ጥሩ ጊዜ ነበር አልላችሁም። ወጣት ነበርኩ፣ እሱ ብቻ ነው።

እናቴ ኩበት ትጠፈጥፍ ነበር። በጋ ሲገባ የግቢያችን አጥር፣ የቤታችን ግድግዳ፣ ድንጋዩ ሁሉ የእናቴ መዳፍ የታተመበት ኩበት ይለብሳል። ሲደርቅ በአህያ ጭና ወደ ቄራ ትወስደዋለች። የከተማ ሰው እንጀራውን የሚጋግረው በእናቴ ኩበት ነው፤ እናቴ ስታልፍ አፍንጫውን የሚይዘውም ያው የከተማ ሰው ነው። እኔም ጠዋት ከትምህርት ቤት በፊት ከጎኗ ተቀምጬ እጠፈጥፋለሁ። ጭድና እበቱን ስታሹት እጅ ውስጥ የሚገባው ሽታ በውሃ አይለቅም። በሎሚ ይታሻል፣ በእንዶድ ይታጠባል፣ ግን ከጥፍር ሥር ትንሽ ይቀራል። የትምህርት ቤት ልጆች ይህንኑ ያውቁ ነበርና አፋቸውን አልሰበሰቡም። ገና በሩቅ ሲያዩኝ፣

«ጥንዚዛ፣ ጥንዚዛ፣ ኩበቷን ይዛ፣
ሣር ቤት ወጣች ባል ልትገዛ!»

እያሉ ያጨበጭባሉ። ግጥሙን ማን እንደገጠመው አላውቅም። ጎበዝ ገጣሚ ነው፣ ይሙት ነው የምለው፤ ሞቶም ይሆናል።

የሳይንስ መምህራችን ህንድ ነበር። ከአገሩ የእረፍት ጊዜውን ጨርሶ ሲመለስ ፊቱ በመስታወት የተሸፈነ ሣጥን ይዞልን መጣ። ውስጡ ከአገሩ ሞቃት ደን የተያዙ ሁለት ነፍሳት በመርፌ ተሰክተዋል። አንዱ እበት የሚያንከባልል ጥንዚዛ ነው። የኛ አገሮቹ ከሱ አጠገብ ጫጩት ናቸው፤ ይሄ የሕፃን ጡጫ ያክላል፣ ግንባሩ ላይ ቀንድ አለው፣ ጥቁረቱ ወደ ብርሃን ሲዞር አረንጓዴ ይሆናል። ሌላዋ ነፍሳት መሆኗን ለማመን እግሯን መቁጠር ነበረብን። ቀጭን፣ ደረቅ፣ የክንድ ያህል የምትረዝም፣ ፍጹም ጭራሮ የምትመስል። እኛም ጭራሮ አልናት። ጠላት ሲመጣ አትሮጥም፣ አትናከስም፤ ዝም ብላ እንጨት ትሆናለች አለን። መምህሩ ሰሌዳውን በጠመኔ ለሁለት ከፍሎ፣ «ቆንጆው የቱ ነው አላልኳችሁም። ምን ይበላል፣ እንዴት ያድራል፣ ልጁን እንዴት ያሳድጋል፤ ጎን ለጎን ጻፉልኝ» አለ። የፈለገው ይህንኑ ብቻ ነበር፤ ምስኪን።

ዳይሬክተራችን ግን ሣጥኑን ሲያዩ ሌላ ነገር መጣላቸው። ለወላጆች ቀን ክርክር ያስፈልጋል። የኛ ሰው ሁለት ነገር ጎን ለጎን ካየ ማን ይበልጣል ሳይል አያድርም፤ ወርቅና ብረት፣ እሳትና ውሃ፣ ሴትና ወንድ ስንከራከርባቸው አርጅተናል። «ጥንዚዛ ይሻላል ወይስ ጭራሮ ትሻላለች?» አሉ ዳይሬክተሩ። መምህሩ ራሱን እየነቀነቀ፣ «ሰር፣ ሁለቱም ለየራሳቸው ይሻላሉ» አላቸው። «የኔ ወንድም፣» አሉት፣ «ወላጅ እኮ የሚመጣው አሸናፊ ሊያይ ነው።»

ተከራካሪ የምንሆነው እኔና ሶስና ነን፤ ከክፍሉ በውጤት የምንቀራረበው እኛ ስለሆንን። ዕጣ ወጣ። ጭራሮዋ ለኔ ደረሰች፣ ጥንዚዛው ለሶስና። ሶስና አለቀሰች። ያን የመሰለ ነጭ ቀሚስና ነጭ ካልሲ አድርጋ ስለ እበት ልታወራ ነው? በማግስቱ ባላምባራስ ሰው ላኩ። ዳይሬክተሩ ቢሯቸው ጠርተውኝ፣ ዓይኔን ሳያዩ፣ «ጫልቱ፣ አንቺ ጥንዚዛውን ያዢው። ትቀርቢዋለሽ» አሉኝ። ጭራሮዋን ሌሊቱን ሙሉ አጥንቼ! እሺ ብዬ ወጣሁ። ምን ልበል? የምናርሰው መሬት የባላምባራስ ነው።

ለኔ ደግሞ ያ ክርክር ጨዋታ አልነበረም። አባቴ ቤት ሽማግሌ ተልኳል። ላኪው የፉሪ ሰው ነው፤ ሚስቱ የሞተችበት፣ በሬና ላም ያለው፣ ደህና ሰው። አባቴ ሊሰጠኝ አስቧል፣ እናቴ እግሩ ላይ ወድቃለች። «አንድ ጊዜ ብቻ መጥተህ ስትናገር ስማት» ትለዋለች። አባቴ ወሬ አያበዛም። «የወላጆች ቀን እመጣለሁ» አለ። «ልጄን ሰው ፊት ካከበሯት ትማር። ካላከበሯት የፉሪው ሰው ይወስዳታል።» እናቴ በዚያው ቅጽበት ያሸነፍን ያህል ተደሰተች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኩበቱን ስትጠፈጥፍ በለሆሳስ እልልታ ትለማመዳለች። ነገሩ እንዲህ ነው፤ በወላጆች ቀን ሽልማት የሚቀበል ልጅ መድረክ ላይ ሲወጣ ዳይሬክተሩ «እናቷስ የት አሉ?» ይላሉ። እናት ከተቀመጠችበት ትነሣና እልል ትላለች፣ ሕዝቡ ያጨበጭብላታል። እናቴ በየዓመቱ በአህያዋ ስታልፍ ከአጥሩ ውጭ ቆማ የሌሎችን እናቶች እልልታ ሰምታለች። የሷ ተራ እስኪደርስ ትጠብቅ ነበር።

ቀኑ ደረሰ። የባሕር ዛፍ ዳስ ተተክሎ፣ መሬቱ ላይ ሣር ተጎዝጉዞ፣ ከፊት ባላምባራስና ሹማምንቱ በወንበር፣ ከኋላ የኛ ሰዎች በቁማቸው። ከዳኞቹ አንዱ ባላምባራስ ናቸው፤ ይህንንም ማንም ነውር አላለው። አባቴ ጋቢውን አጣፍቶ በዱላው ተደግፎ የዳሱ ምሰሶ ጋ ቆሟል። እናቴ ከሰው መሐል ሣሩ ላይ ተቀምጣለች፤ ጸጉሯን ቅቤ ተቀብታ፣ አቡጀዲዋን አጥባ፣ እጇን በሎሚ አሽታ። እኔ ከአክስቴ ልጅ የተዋስኩትን ሹራብ ለብሻለሁ።

«ክቡራን ዳኞች፣ ክቡራን ወላጆች፣ ውድ ተማሪዎች» ብዬ ጀመርኩ። «ጭራሮ ቀኑን ሙሉ ቅርንጫፍ መስላ ትቆማለች። ቅጠል ትበላለች፣ ጠላት ሲመጣ እንጨት ነኝ ትላለች። ጥንዚዛ ግን ዝሆን ጥሎት የሄደውን ያድበለብላል፣ ይገፋል፣ ይቀብራል፤ ልጁን በዚያ ውስጥ ያሳድጋል። እሱ ባይኖር ያ ሁሉ ደን በእበት ሰምጦ ይቀር ነበር። ክቡራን ወላጆች፣ የምትበሉት እህል የበቀለው በምን ላይ ነው?» ከኋላ የቆሙት ገበሬዎች ሳቁ፤ የደስታ ሳቅ ነው። አንዱ «እውነቷን ነው!» አለ። ተጨበጨበልኝ። ወደ ምሰሶው አየሁ። አባቴ ዱላውን ትቶ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ሕይወቴ ውስጥ ከዚያች ቅጽበት የበለጠ ምን አይቻለሁ? ወልጃለሁ፣ ድሬአለሁ፣ ቤት ሠርቻለሁ። እንደዚያች ያለች ግን አላየሁም።

ሶስና ስለ ጭራሮዋ ንጽሕናና ጨዋነት የሸመደደችውን ተናገረች። ቀዝቃዛ ጭብጨባ አገኘች። ከዚያ የጥያቄ ሰዓት ደረሰ። በክርክር ሕግ የተጠየቀ መመለስ አለበት፤ ዝም ያለ ተሸነፈ። ሶስና ወደኔ ዞረች፤ ፈገግ አለች።

«ጉባኤው ይፍቀድልኝና ተከራካሪዬን ልጠይቅ። ዛሬ ጠዋት እዚህ ከመምጣትሽ በፊት ምን ስትሠሪ ነበር?»

መዋሸት እችል ነበር። ግማሹ ዳስ ግን ጎረቤቴ ነው።

«ኩበት ስጠፈጥፍ ነበር» አልኩ።

ተማሪው ፈነዳ። «ጥንዚዛ!» የሚል ከወደ ጥግ ተነሣ፣ ሌላው ተቀበለው። ሶስና እጇን አንሥታ ዝም አሰኘቻቸው፤ አቤት ስትችልበት!

«ለካስ ተከራካሪዬ የምትከራከረው ለዘመዷ ነው። ጥንዚዛ ልጁን እበት ውስጥ ያሳድጋል ብላናለች። ክቡራን ወላጆች፣ አሳዳጊዋንም እንያት እንጂ! እናቷስ የት አሉ?»

እናቴ አማርኛ በደንብ አትሰማም። ቤታችን የሚነገረው ኦሮምኛ ነው፤ አማርኛዋ የገበያ ናት፣ ከ«ስንት ነው»ና ከ«ጨምሪ» ብዙ አትርቅም። ያቺን «እናቷስ የት አሉ?» የምትለዋን ግን ስንት ዓመት ከአጥር ውጭ ቆማ ሰምታታለች። ሰው ሲስቅም፣ ሲያጨበጭብም አየች። ልጄ አሸነፈች ብላ ነው። ብድግ አለች። ያንን በሎሚ የታሸ እጇን ወደ ላይ አንሥታ «አለሁ! አለሁ!» አለች፤ ከዚያ ስትለማመደው የከረመችውን እልልታ ለቀቀችው።

የዚያን ቀን ሳቅ ዛሬም እሰማዋለሁ። ተማሪው ሣሩ ላይ ተንከባለለ። ሹማምንቱ በመሐረባቸው አፋቸውን ያዙ። ባላምባራስ ዓይናቸው እንባ እስኪያወጣ ሳቁ። ሰው በሳቀ ቁጥር እናቴ እልልታውን ትጨምራለች፤ እየዞረች፣ ወደ አራቱም ማዕዘን፣ ደስታ ፊቷን እያበራው። ህንዱ መምህር ብቻ ከመቀመጫው ተነሥቶ በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ጮኸ፤ ማንም አልሰማው። እኔ መድረኩ ላይ ቆሜ «እማዬ ተቀመጪ» ማለት አቃተኝ። ካልኳት ምን እንደሆነ ይገባታላ።

ጭራሮ አሸነፈች። ሶስና እስክሪብቶ ተሸለመች። ለተሸነፈ የሚሰጠው ማበረታቻ ደግሞ፣ ባይገርማችሁ፣ ሳሙና ነው። በየዓመቱ ሳሙና ነው፣ ለኔ ተብሎ የመጣ አይደለም። ዳይሬክተሩ ያንን በሮዝ ወረቀት የተጠቀለለ የገላ ሳሙና ሲያቀብሉኝ ግን ዳሱ እንደገና አውካካ። ሽታው እስከ አንጎሌ ገባ። እዚያው ቀርቷል።

አባቴ ሰው እየገፋ መጣና የእናቴን ክንድ ያዘ። ባላምባራስን አልተሰናበተም፤ ይህ ያኔ ቀላል ነገር አይደለም። «ኢንተላ ኮ፣» አለኝ፣ ልጄ ማለቱ ነው፣ «ነይ፣ ወደ ቤታችን።» እሱ ከፊት ከፊት ይራመዳል። እናቴ ሳሙናውን ደረቷ ላይ አቅፋ ትከተለናለች፤ ሽልማት ነው ብላለች። ቤት ስንደርስ አባቴ፣ «ትምህርት ጠልቼ አይደለም» አለኝ። «ባንቺ ቢስቁ እችለው ነበር። በሚስቴ የሳቁበትን ደጅ ግን ልጄ አትረግጥም።» ምን ብዬ ልከራከር? እኔም በሱ ቦታ ብሆን እንደሱ አደርግ ነበር። በጥር ፉሪ ገባሁ።

ባሌ ክፉ አልነበረም፣ ነፍሱን ይማረው። እጁን አንሥቶብኝ አያውቅም። መጽሐፍ ቤቱ አልነበረም እንጂ ቢኖር ይፈቅድልኝ ነበር። ስኳር የተጠቀለለበትን ጋዜጣ እየዘረጋሁ አነብ ነበር፤ ወሬው ሁሌ መሐሉ የተቀደደ ነው፣ ሚኒስትሩ የት እንደሄደ ይነግረኝና ለምን እንደሄደ ስኳሩ ይዞት ይቀራል። እናቴ እስክትሞት ድረስ ያ ሳሙና ሣጥኗ ውስጥ ነበር። አልታጠበችበትም። እንግዳ ሲመጣ አውጥታ፣ «ልጄ ንግግር አድርጋ የተሸለመችው» እያለች ታስሸትተዋለች። ነግሬያት አላውቅም። አባቴም አልነገራት። አንድም ጎረቤት አልነገራት፤ ይህንንስ መንደሬን አመሰግናለሁ።

እነሆ ክሊኒክ ውስጥ ሶስና ከጎኔ ናት። አይታኝ አታውቀኝም፤ ዓይኑም የላትም። ወሬ ግን ትወዳለች። እንዴት እንደጀመርነው እንጃ፣ የዚህ ሰፈር ሰው ነሽ ወይ አለችኝ፣ ነኝ አልኳት፣ ትምህርት ቤቷን አነሣች።

«አይ ጊዜ! ክርክር እወድ ነበር። አንድ ጊዜ ስለ ጥንዚዛና ስለ ጭራሮ ተከራክረን! ከዚያ የበለጠ ተስቆ አያውቅም። አንዲት ልጅ ነበረች ከኔ ጋር፣ የገበሬ ልጅ። እናቷ ብትይ እልል ብላ ዳሱን አደመቀችው! እንዴት ያሉ ደስ የሚሉ የዋህ ሰዎች ነበሩ መሰለሽ።» ተነፈሰች። «ልጅቷ ከዚያ በኋላ አልመጣችም። ምን ደርሳ ይሆን?»

«ሞተች» አልኳት።

«ውይ በሞትኩት! ምን አግኝቷት?»

«ጭብጨባ።»

«እ?» አለች፣ ጆሮዋን ወደኔ አስጠግታ።

ያኔ ነርሷ በሩ ላይ ብቅ አለች። «ወይዘሮ ጫልቱ ገመዳ!»

«አቤት!» አልኩ። መድረክ ላይ የምለውን አቤት ነው ያልኩት፤ ዛሬም አለኝ። ሶስና ያንን ሞራ የለበሰ ዓይኗን ወደ ድምፄ አዞረች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፣ ስሜን ልትለው ነው መሰለኝ፣ ግን አልወጣም። ተነሥቼ ፊቷ ቆምኩ።

«ጉባኤው ይፍቀድልኝና ተከራካሪዬን ልጠይቅ» አልኳት። «የተጠየቀ ይመልሳል። እናቴ ያን ቀን እልል ያለችው ለምን ነበር?»

ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። ሶስና ደረቀች። ውሃ የያዘው እጇ ከአፏ ሳይደርስ እዚያው አየር ላይ ቀረ፤ ቀጭን፣ ደረቅ፣ የማይንቀሳቀስ። ህንዱ እንደነገረን ነው።

«እማማ፣ ማን ናት?» አለቻት የልጅ ልጇ።

«አላውቃትም፣» አለች ሶስና፣ «ከሌላ ሰው ጋር ተሳስታ ነው።»

ክርክሩን ረታሁ ማለት ነው። ገብቼ የግድግዳውን ፊደል ከላይ እስከ ታች አነበብኩላቸው። እልል የሚልልኝ ግን አልነበረም።